ሁለተኛዋ በረኛ

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ስሜ ወጣ። አሁንም ሁለተኛ።

ዝርዝሩን ያየሁት የሰው ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ የውሃ ቆጣሪ እያነበብኩ ነው። በአንድ እጄ ባትሪ፣ በሌላው ስልክ። ሃያ ሦስት ተጫዋቾች። በረኞች (በቅጽል ስማቸው)፦ መሰላል፣ እኔ፣ ፍንጭቷ። በዚሁ ቅደም ተከተል። የቤቱ ባለቤት ፊቴን አይተው የቆጣሪው ነገር መሰላቸው፤ "ምነው፣ በዛ እንዴ የኔ ልጅ?" አሉኝ።

"ኧረ የለም እትዬ፣ ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቼ ነው።"

"እሰይ! ምን ልትሠሪ?"

"በረኛ ነኝ።"

"የቱ በር ላይ?" አሉኝ።

እንግዲህ ይህ አዲስ ደብተር ነውና እውነቱን ጽፌ ልጀምር። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጠርቻለሁ፣ ሃምሳ ስምንት ጊዜ። የተጫወትኩት ሁለቴ ነው። አንዱ የመሰላል ጣት ወልቆ የገባሁበት ሃያ ደቂቃ። ሌላው ሰባት ለባዶ ያሸነፍንበት ሲሆን፣ ኳስ ወደ እኔ የመጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዷንም የላከችልኝ የገዛ ተከላካያችን ናት። የቀረውን ዘመን ወንበር ላይ ነበርኩ። ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ሥራ ነው። ማንም ይሳቅ፣ ሥራ ነው።

አለቃዬ የፈቃድ ወረቀቴን ሲፈርም "ደግሞ ልትቀመጪ ነው?" አለኝ። "እዚህም እኮ የሚቀመጥ አይጠፋም" አልኩት። ሳቀ። እንደገባው ግን እንጃ።

ታላቅ ወንድሜ ፀጉር ቤት አለው። ዛሬ አንዱ ደንበኛ "ያቺ ወንበር አሟቂ እህትህ ተጠራች አሉ" ሲለው፣ ግማሽ ራሱን ላጭቶ "ሌላውን ግማሽ ሌላ ቦታ ተላጭ" ብሎ ሰደደው። እማዬ ስትሰማ ተቆጣችው። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት።

ጥር 15፣ ዓርብ

ካምፕ ገባን። ክፍል ዘጠኝ፣ እኔና መሰላል፣ እንደ ወትሮው። ዘጠኝ ዓመት አብረን አድረናል። ከገዛ ወንድሜ ጋር እንኳ ይህን ያህል አንድ ክፍል አልተኛሁም። አልጋው ስለማይበቃት እግሯን ወንበር ላይ ትዘረጋለች፤ መሰላል ያሏት በከንቱ አይደለም። ልብሷን ሳታጣጥፍ ወርውራ እኔ ሳጣጥፍላት "እናቴ ራሷ እንዲህ አትነዘንዘኝም" ትላለች።

ማጣሪያው ሁለት ጨዋታ ነው። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እነሱ ጋ። ያሸነፈ ወደ ዋንጫው ያልፋል። የእኛ ሴቶች አልፈው አያውቁም። ለመሰላል ደግሞ ሌላም ትርጉም አለው፦ የውጭ አገር ክለብ ሰዎች ሁለተኛውን ጨዋታ መጥተው ሊያዩዋት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካሁን በኋላ ማንም መጥቶ እንደማያያት ታውቃለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዓመት እንኳ ጉልበቴን ሰብረሽ ግቢ" አለችኝ ሻንጣዋን እየፈታች።

"ጉልበትሽ ጋ ለመድረስ ራሱ መሰላል ያስፈልጋል" አልኳት።

ሳቅን። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ጥር 17፣ እሁድ

እርስ በርስ ግጥሚያ ነበረን። የማዕዘን ምት ተሻምቶ መሰላል ልትይዝ ወጣች፤ የኛው አጥቂ ጉልበት ጆሮ ግንዷ ላይ አረፈ። ድምፁን ከወንበር ሆኜ ሰማሁት። ተዘረረች።

ወጌሻዋ ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች። "ይሄ ስንት ጣት ነው?" አለቻት።

"አሥር። ዘጠኙን ደብቀሽ።"

ሁሉም ሳቀ። ተነሳች፣ ጨረሰች።

እራት ላይ "የማን ጉልበት ነው የመታኝ?" አለችኝ። ነገርኳት። ልብስ ሳጣጥፍ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መብራት ልናጠፋ ስንል "ለመሆኑ የማን ጉልበት ነው?" አለች። የምትቀልድ መስሎኝ "የኔ" አልኳት።

"ብለሽ ብለሽ!" ብላ ዞራ ተኛች።

ስትወድቅ ጃኬቴን አውልቄ ተገኘሁ። ሞቆኝ ነው።

ጥር 20፣ ረቡዕ

መጋረጃው ሦስት ቀን አልተከፈተም። ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል። ጠዋት አስመለሳት። "የምግቡ ነው" አለች። የበላነው አንድ ነው።

ልምምድ ላይ ያሟሟቅኳት እኔ ነኝ። ሕፃን የሚይዛቸውን ኳሶች ጣለች። የበረኛ አሰልጣኛችን ጋሼ ከሩቅ "ምን ሆነች?" ብለው ጮኹ። ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ዓይናቸው የጭልፊት ነው።

"ኳሱ እርጥብ ነው ጋሼ!" አልኩ።

ኳሱ እርጥብ አልነበረም። ሜዳው ከደረቀ ሳምንት ሆኖታል። ማን ጠየቀኝና ዋሸሁ?

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ቁርስ ላይ ይጠብቁኛል።

ከአሰልጣኙ ቢሮ ውጭ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው። ለቡድን መሪው የሚለውን ሰማሁ፦ "ሁለተኛዋ ሠላሳ ሦስት ሞላት። ዘንድሮ ለክብሯ ያህል ነው የጠራናት። ከዚህ በኋላ ፍንጭቷ በቦታዋ ትገባለች።"

ለክብሬ ያህል።

ማሰሪያውን በጣጥሼው ነበር። በሌላ ማሰሪያ ነው የተለማመድኩት።

ጥር 25፣ ሰኞ

መሰላል ራሷ አወጣችው። ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

"አንዳንዴ ኳሷ ሁለት ትሆንብኛለች" አለችኝ። "ከሁለቱ የላይኛዋ ናት እውነተኛዋ። ለምጄዋለሁ።"

"ለወጌሻዋ ንገሪያት።"

"ብነግራት ያስቀምጡኛል። ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ውስጥ ተኝቼ እከርማለሁ፣ ቃሌ ነው። ለማንም አትናገሪም አይደል?"

"እሺ" አልኩ።

ለምን እንደዚያ ፈጥኜ እሺ እንዳልኩ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው የዋልኩት። እንዲህ ነው መሰለኝ፦ እምቢ ብዬ ብናገር እሷ ትወጣለች። እሷ ስትወጣ የምገባው እኔ ነኝ። ይህ ሐሳብ ገና ሳትጨርስ መጣብኝ፤ አፍሬ እሱን ለመሸሽ ነው እሺ ያልኩት። ይኸው ጻፍኩት። አልሰርዘውም።

የካቲት 1፣ እሁድ

አንድ ለአንድ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ያለቀላቸው ኳሶች አወጣች። ስታዲየሙ በስሟ ዘፈነ። እኔም እንደ እብድ ጮኽኩ። "ይኸው! ምንም አልሆነችም!" አልኩ በልቤ፤ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። በሁለተኛው አጋማሽ አንዲት ተራ ተሻጋሪ ኳስ መጣች። መሰላል ዘለለች፤ ኳሷ ካለችበት አንድ ክንድ ከፍ ብላ ባዶ አየር ጨበጠች። የላይኛዋን ነው የያዘችው። እኔ ብቻ ገባኝ። ገባብን። ሰዉ የፀሐይ ነው አለ።

ከጨዋታው በኋላ ነው የሚከፋው። ሁሉም ታጥቦ ወጥቷል። መልበሻ ክፍል ስመለስ ብቻዋን ተቀምጣ ጓንቷን እያጠለቀች አገኘኋት። ጉልበቷ ላይ ሣር አለ፣ ማሊያዋ በላብ ርሷል።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት።

"እስካሁን ለምን አልጠሩንም?" አለችኝ። "ሰዓቱ አልደረሰም እንዴ?"

"ጨዋታው አልቋል" አልኳት ቀስ ብዬ።

አየችኝ። ግድግዳውን አየች። "አውቃለሁ ባክሽ፣ እየቀለድኩ ነው" አለች። ጓንቱን ስታወልቅ ግን ዓይኔን አላየችም።

አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። መንገዱን በሙሉ የምትተነፍስ መሆኗን አዳምጥ ነበር።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ቤት

የሁለት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶናል። ወንድሜን ፀጉር ቤቱን እስኪዘጋ ጠበቅኩት። ሁሉንም ነገርኩት። የተላጨ ፀጉር እየጠረገ ሰማኝ።

"ብትናገሪ ቦታዋን ፈልጋ ነው ይሉሻል" አለ።

"ባልናገርስ?"

"ባትናገሪ ማንም ምንም አይልሽም።" መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ "እሱ ነው የሚያስፈራው" አለኝ።

ለእማዬ ደግሞ ስም ሳልጠራ አወራኋት። የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆና ሠላሳ ዓመት ስለኖረች ልጅ ሲዋሽ ከኮሪደሩ ጫፍ ታውቃለች። አንሶላ እያጠፍን ነበር፣ እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው።

"ይቺ ጓደኛዬ የምትያት ልጅ እናት አላት?" አለችኝ።

"አላት።"

"ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?"

አንሶላውን ከእጄ ተቀብላ ብቻዋን አጠፈችው።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

አደረግኩት።

ጠዋት ለራሷ ነገርኳት። "እስከ ምሳ ድረስ ለወጌሻዋ ንገሪያት። ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ።"

"እሺ ብለሽኝ አልነበር?"

"ብዬሻለሁ። እሺ ማለት አልነበረብኝም።"

ተነስታ በሩን ዘጋች። ቁመቷ ክፍሉን ሞላው። "አሥራ አንድ ዓመት ስትጠብቂው የኖርሽው ቀን ይሄ ነው አይደል? እስቲ ዓይኔን እያየሽ አይደለም በይ።"

ዓይኗን አየሁ። አይደለም ማለት አቃተኝ።

"አሥር ቀን ብቻ!" አለች። "ከአሥር ቀን በኋላ ራሴን ፈተው ቢገጥሙት ግድ የለኝም።"

"እኔ ግድ አለኝ።"

"አንቺ ግድ ያለሽ ለቦታዬ ነው።"

ምሳ ላይ ከሁሉም መካከል ተቀምጣ ስትበላ፣ ስትስቅ ነበር። ሾርባዋን ግን አልነካችም። እየሳቀች ታየኝ ነበር፦ አታደርጊውም፣ አንቺ ሁልጊዜ ቁጭ ባይ ነሽ፣ ይል ነበር ዓይኗ። ወይም እኔ እንደዚያ አነበብኩት። ተነሳሁ። ወጌሻዋ ከአሰልጣኙ ጋር ነው የተቀመጠችው። በሹክሹክታ ልነግራት ነበር ሐሳቤ፤ ድምፄ ግን ከሜዳ የለመደው ጩኸት ሆኖ ወጣ።

"መሰላል ጭንቅላቷን ከተመታች አሥራ ስምንት ቀኗ ነው። ብርሃን ያማታል፣ ታስመልሳለች፣ ኳስ ሁለት ሆኖ ይታያታል። እሁድ ዕለት ጨዋታው ካለቀ በኋላ መቼ ነው የሚጀመረው ብላ ጠይቃኛለች። አውቅ ነበር። እስከዛሬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ መሰላል ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች።

"ቦታዬን ፈልጋ ነው!" አለች። "ስታደባ ነው የኖረችው!"

በሩ ጋ ስትደርስ አቅጣጫው ጠፋት። በመዳፏ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። ሁሉም አየ። ማንም ግን አየሁ አላለም።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሐኪም ቤት ወሰዷት። ጭንቅላቷን ራጅ አነሱት። ሐኪሙ ለወጌሻዋ "አንድ ምት ቢደገም ስለነገዋ ዋስትና አልሰጥም" አላት። ሜዳ የለም፣ ልምምድ የለም፣ ለወራት። የውጭዎቹ ሰዎች በስልክ ተነግሯቸው ጉዟቸውን ሰረዙ።

እናቷ መጥተው ሻንጣዋን ወሰዱ። ያጣጠፍኩትን ልብስ አልጋው ላይ ትታው ሄዳለች።

ወጌሻዋ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አይታ፣ በጆሮዬ "ደግ አደረግሽ" አለችኝ። በግልጽ ያለኝ ሰው የለም። ገበታ ላይ ግራና ቀኜ ክፍት ነው። አምበላችን በአጠገቤ ስታልፍ "እንኳን ደስ አለሽ" ብላኛለች።

"አመሰግናለሁ" አልኳት። ምን ትጠብቃለች፣ አለቅሳለሁ ብላ?

ማታ አልቅሻለሁ። እሷ ግን አላየችም።

ወንድሜ ደወለ። "ፀጉር ቤቱ ዛሬ ስላንቺ ብቻ ነው የሚያወራው።"

"ምን ይላሉ?"

"ተይው።"

"ንገረኝ እንጂ!"

"ምላጭ ይዤ ነው ያለሁት፣ አታናግሪኝ" ብሎ ዘጋው።

የካቲት 8፣ እሁድ

አሰልጣኙ አስጠራኝ። ቡድን መሪውና ጋሼም አሉ። ወንበር አቀረቡልኝ። ቆሜ ይሻለኛል አልኩ።

"አንቺን እናውቅሻለን" አለ አሰልጣኙ። "ግን ልጆቹ ተከፍተዋል። ለቡድኑ ሰላም ሲባል ፍንጭቷ ትግባ። ላንቺም ጥሩ ነው፤ ለቦታ ብለሽ እንዳልተናገርሽ ሁሉም ያያል። ንጹሕ መሆንሽ ይታወቅልሻል።"

ጥሩ ነገር ያደረገልኝ መስሎታል። ፊቱ ላይ ይታያል።

"ፍንጭቷ ከኔ ትበልጣለች እያሉኝ ነው?" አልኩት።

"እሱን አላልኩም።"

"እንግዲያው አልቀመጥም።"

ቡድን መሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፦ "ትበልጣለች ካሉኝ እቀመጣለሁ፤ መቀመጥ እችልበታለሁ፣ ምስክሬ እርስዎ ነዎት። ለወሬ ብለው ከሆነ ግን እምቢ። የተናገርኩት እንዳትሞት ነው። ቦታዋንም እፈልገዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ጥር ላይ ስትወድቅ ጃኬቴን ያወለቅኩት ሞቆኝ አልነበረም፤ እጄ ከኔ ቀድሞ ነው። አፍሬበታለሁ። ግን መፈለጌን ለመካድ ብዬ ወንበር ላይ አልቀመጥም። እሱ ውሸት ይሆናል፤ የካቲት ሳይገባ የዋሸሁት ይበቃኛል።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሦስት ቀን ስጡኝ" አሉ። "ለሁለቱም እኩል እመታለሁ። የያዘች ትገባለች። ወሬ ኳስ አይዝም።"

ደብተሬን አሁን ሳነብበው አንድ ነገር አየሁ። "ለክብሯ ያህል" ያለውን እንደሰማሁ አልነገርኩትም። ይቆይ።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ፍንጭቷ ክፍሌን አንኳኳች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ በጥርሷ መሐል ኳስ ያልፋል ይሏታል። ዛሬ አልሳቀችም።

"እትዬ፣ እኔም መግባት እፈልጋለሁ" አለችኝ በር ላይ ቆማ። "ደግሞ ላሸንፍሽ ነው የምሠራው። ግን ልጆቹ ውጤቱ ሳይታወቅ እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ ደበረኝ።"

"ግቢ" አልኳት። "በግራ በኩል ስትወድቂ ክርንሽ ይቀድማል። ትጎጃለሽ። ነይ ላሳይሽ።"

በመሰላል ፍራሽ ላይ ሃያ ጊዜ ወደቀች። ገብቷታል። ነገ ትበልጠኝ ይሆናል። እዳው የራሴ ነው።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን። ጋሼ ለእያንዳንዳችን ሃምሳ ኳስ። በመጨረሻው ቀን ልጆቹ ሳይጠሩ መጥተው ከመስመሩ ውጭ ቆሙ። ያጨበጨበልኝ የለም። ለእሷም አላጨበጨቡም፤ ዝም ብለው ያዩ ነበር።

እሷ ሠላሳ አንድ። እኔ ሠላሳ አራት።

ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "እሁድ አንቺ" አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። ፍንጭቷ ኳሱን በጡጫ መታችው፤ አጥሩን ዘሎ ሄደ። ከዚያ ራሷ ሄዳ አመጣችው።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ፣ የሰው አገር ሆቴል

አጭር። አራተኛ ፎቅ። መስኮቱ አይከፈትም። አልጋው ለስላሳ ነው፣ ወገብ አይይዝም። አልፈራሁም። ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት የሄድኩት ውሃቸው ስላልተስማማኝ ነው።

ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነው። ለመሰላል መልእክት ጻፍኩ፦ "ነገ ነው።" አነበበችው። አልመለሰችም።

የካቲት 15፣ እሁድ

ተሸነፍን። አንድ ለባዶ። ከማጣሪያው ወጣን።

እንዴት እንደሆነ ሌላ ሰው ሳይነግረኝ እኔው ልጻፈው።

መውጫው ዋሻ ውስጥ ተሰልፈን ሳለ ጓንቴን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ። መዝሙሩ ሲዘመር ከወንበር ሳይሆን ከመስመሩ ሰማሁት። የመጀመሪያዋ ኳስ በአራተኛው ደቂቃ መጣች፣ ከርቀት፣ ዝቅ ብላ። ያዝኳት። ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ የት እንደገባ አላውቅም። ስምንት ኳስ አወጣሁ። አንዷን በእግሬ፣ አንዷን በጣቴ ጫፍ፣ አግዳሚው ላይ። አምበላችን ያኔ ዞራ አየችኝና ሳታስበው "ጎሽ!" አለች፤ ከዚያ አፏን ያዘች። በራሷ የተናደደች ይመስል ነበር።

ሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ። ከቀኝ ተሻገረ። ልውጣ አልውጣ ብዬ አመነታሁ። አንዲት ቅጽበት። አጥቂያቸው በግንባሯ ገጨችው፤ ጣቴ ነካው፣ ቋሚውን መትቶ ገባ። ግማሽ እርምጃ ዘገየሁ። ለዚህ ፀሐይ አልነበረም፣ ኳሱም እርጥብ አልነበረም። የኔ ነው።

ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ሣሩ ላይ ወደቀ። እኔ አልወደቅኩም። ቆሜ ደጋፊዎቻቸው ሲጨፍሩ እስከመጨረሻው አየሁ። ዓይኔን ከሰበርኩ በእሱም ይከሱኛል።

መልበሻ ክፍል አንዷ "መሰላል ብትኖር ኖሮ…" አለች።

"ብትኖር ኖሮ ምናልባት ትይዘው ነበር" አልኩ። "ምናልባት ደግሞ ሜዳው ላይ ትሞት ነበር። እናንተ የትኛውን እንደምትመርጡ አላውቅም። እኔ ግን መርጫለሁ። ነገም ያንኑ እመርጣለሁ።"

ፍንጭቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያንን ባዶ ቦታ ሞላችው።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ሥራ ጀምሬያለሁ። ዛሬ አንድ ሰውዬ ቆጣሪውን አላሳይም አለኝ። "ያንን ኳስ ብትይዢ ኖሮ በሬን እከፍትልሽ ነበር" አለ። አጥሩን ዘልዬ አነበብኩለት። ውሻውም ገርሞት አልጮኸም።

ከሥራ ስወጣ እግሬ መሰላል ቤት ወሰደኝ። በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው።

"ተኝታለች" አሉኝ።

"እሺ እትዬ።"

"የተናገርሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ልጄ ልታይሽ አትፈልግም።" ይህን እያሉ እጄን ያዙ። ያዙትና አልለቀቁም። ብዙ ቆየን፣ እሳቸው በር ውስጥ እኔ ከደጅ። ከዚያ ለቀቁኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ከፌዴሬሽኑ ደብዳቤ መጣልኝ። "ለረጅም ዘመን አገልግሎትሽ" ይላል። በሚቀጥለው ወር የሽኝት ፕሮግራም አለ፤ ከግርጌው ጡረታ መውጣቴን የምፈርምበት መስመር ተሠርቷል። ወረቀቱ ያምራል፣ ማኅተሙም እንዲሁ።

አሰልጣኙ ራሱ ደወለ። "ለክብርሽ ነው" አለኝ።

"ጥር 23 ቀን ከመስኮትዎ ሥር ጫማ እያሰርኩ ነበር" አልኩት። "ክብሬን ያኔ ሰምቼዋለሁ።"

"እሱ እኮ…" ሊል ጀመረ።

"አትጥሩኝ፣ መብታችሁ ነው" አልኩት። "ፍንጭቷ ጎበዝ ናት፣ አስገቧት። ግን ጡረታ የወጣሁ ዕለት ነጋሪዋ እኔ ነኝ። እስከዚያ በየጠዋቱ እለማመዳለሁ፤ ስትፈልጉኝ የት እንዳለሁ ታውቃላችሁ።"

ወንድሜ ደብዳቤውን አይቶ "እና ምን ልታደርጊው ነው?" አለኝ። ጀርባው ባዶ ነበር፤ የልምምድ ፕሮግራሜን ጻፍኩበት።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

የመሥሪያ ቤታችን ቡድን ሜዳ፣ ከሥራ በኋላ። ልጆቹ ሄደው ብቻዬን ቀርቼ ኳስ ግድግዳ ላይ እየመታሁ ስይዝ፣ ከጎሉ ጀርባ ሰው የቆመ መሰለኝ። ዞርኩ። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ኮቷ ሰፍቷታል። ያን ሁሉ ቁመት ይዛ አጥሩን ተደግፋለች።

ሰላም አላለችኝም። እኔም አላልኩም። ኳስ መታሁ፣ ያዝኩ። መታሁ፣ ያዝኩ።

"ግማሽ እርምጃ ዘግይተሻል" አለች በመጨረሻ። "ሐኪሙ ቴሌቪዥን ከልክሎኝ ነበር። ተደብቄ አየሁት።"

"አውቃለሁ። ዘግይቻለሁ።"

"እኔ ብሆን እይዘው ነበር።"

"ትይዢው ነበር።"

"ሐኪሙ መቼም አትመለሺም ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት። ለናቴም አልነገርኳትም።"

ኳሷን አቅፌ ቆምኩ።

"ይቅር አላልኩሽም" አለች።

"እሺ።"

"ምናልባትም አልልሽም።"

"እሺ አልኩሽ።"

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ፀሐይ እየጠለቀች ስለሆነ ብርሃኑ ብዙም አልነበረም። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ አጎንብሳ ገባች፤ ከጎሉ ጀርባ የተጣለውን አግዳሚ ወንበር ጎትታ አስተካክላ ተቀመጠችበት። እግሯን ዘረጋች።

"ስትወጪ ቀኝ እግርሽ ነው የሚጎትትሽ" አለችኝ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረሽም እንዴ? በይ፣ ምቺ። እኔ እቆጥራለሁ።"

ኳሷን መታሁ።